ጠዋት አልነሳ ያለው 2ሲ ሞተር

የቶዮታ 2ሲ ናፍጣ ሞተር ያላት መኪናዬ ጠዋት ጠዋት አልነሳ እያለች ስታማርረኝ ከርማለች። መፍትሔው ስለተገኘ ለሌላውም ይጥቀም ብዬ ነው የምጽፈው።

2ሲ 1974 ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ነው። ኮምፒውተር የለውም፤ ችግሩን በዓይንና በእጅ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። እኔ የምወደውም ለዚህ ነው።

ሰው ሁሉ «ባትሪ ነው»፣ «ካንዴላ ነው» ይላል። ባትሪው ደህና ነው። ማሞቂያ ካንዴላዎቹም በቴስተር ሲለኩ ሁሉም ይሠራሉ። ፍንጩን የሰጠኝ የጅማ ዳገት ነው። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚያወጣው የጅሬን መንገድ ላይ ፊቷን ወደ ላይ አድርጌ ሳሳድራት ይብስባታል። ወደ ታች ዞራ ስታድር ግን ወዲያው ትነሳለች። ናፍጣው ሌሊት ወደ ታንከሩ እየተመለሰ ነው ማለት ነው። ይህ የሚሆነው ደግሞ የሆነ ቦታ አየር ሲገባ ነው።

ከናፍጣ ማጣሪያው (ፊልትሮው) ናፍጣ ወደ ሞተሩ ወደሚረጨው ፖምፓ የሚሄደውን ጎማ አውጥቼ ውስጡን የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ ተካሁበት። ሞተሩ ሲሠራ ጥቃቅን አረፋዎች ተከታትለው ሲያልፉ ታዩ! አየሩ የሚገባው በፊልትሮው አናት ላይ ባለው፣ ናፍጣ ለመሳብ በእጅ በሚገፋው ፖምፓ ነበር። የውስጥ ጎማው በዕድሜ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ወደ ውጭ ጠብ ስለማይል ማንም አይጠረጥረውም።

የፊልትሮውን አናት ከነእጅ ፖምፓው በሙሉ ቀየርኩት፣ የቱቦ ማሰሪያዎቹን አጠበቅኩ፣ አየሩ ወጥቶ የእጅ ፖምፓው እስኪጠነክር ድረስ ገፋሁት። አሁን ቁልፍ እንደዞረ ትነሳለች።

2ሲ ያላችሁ ሙቀቱን በደንብ ተከታተሉ። ውሃ አልቆ ከጋለ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን) ይሰነጠቃል፤ የሞተሩ ትልቁ ድክመት ይሄ ነው። የታይሚንግ ቺንጋውንም (ቫልቮቹ በጊዜያቸው እንዲከፈቱ የሚያደርገውን ቀበቶ) በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይሩ።