በልካችሁ የሚሠራ የስኑከር ዱላ ስታዝዙ ሠሪውን እንዴት ትመርጣላችሁ?

በልክ የሚሠራ የስኑከር ዱላ ለዓመታት አብሮ የሚኖር ዕቃ ነው። ብዙ ሰው ግን የእጀታውን ቀለምና ጌጥ አይቶ ይማረክና ቀብድ ይከፍላል። ጨዋታውን የሚወስነው ከእጀታው በላይ ያለው ረጅሙና ቀጭኑ እንጨት ነው። ጥሩ ሠሪ የሚለየውም በዚያ እንጨት ነው።

1. መጀመሪያ የራሳችሁን ዱላ ለኩ

አሁን የምትጫወቱበትን ዱላ ርዝመት፣ ክብደትና የጫፉን ስፋት ጻፉ። አብዛኛው የስኑከር ዱላ ወደ 147 ሴንቲሜትር ይረዝማል። ክብደቱ ከ480 እስከ 540 ግራም፣ ጫፉ ደግሞ ከ9 እስከ 10 ሚሊሜትር ነው። ከዚያ ዱላውን በአንድ ጣት ላይ አመዛዝኑትና ከእጀታው መጨረሻ እስከ ጣታችሁ ያለውን ርቀት ለኩ። ይህን ብዙዎች ይረሱታል። እኩል የሚመዝኑ ሁለት ዱላዎች እጅ ላይ ጭራሽ የማይመሳሰሉት ሚዛናቸው የሚያርፍበት ቦታ ስለሚለያይ ነው።

ሁሉንም በአንዴ አትቀይሩ። የለመዳችሁትን ልክ ይዛችሁ ያስቸገራችሁን አንድ ነገር ብቻ አስተካክሉ።

2. ማን እንደሚሠራው እወቁ

የዚህ ሙያ አገሩ እንግሊዝ ነው። የሊቨርፑሉ ፔራደን የተባለው ድርጅት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ዱላ ይሠራል። ለንደን ውስጥ ጆን ፓሪስ አለ፤ የዓለም ሻምፒዮኖቹ ስቲቭ ዴቪስና ሮኒ ኦሱሊቫን እሱ በሠራው ዱላ ተጫውተዋል። ታይላንድም በእጅ የሚሠሩ ብዙ ወርክሾፖች አሏት፤ ዋጋቸውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

ችግሩ ስሙን ለጥፎ የሚሸጠው ሁሉ ሠሪ አለመሆኑ ነው። ስለዚህ በቀጥታ ጠይቁ፦ «እንጨቱን የሚመርጠውና የሚልገው ማን ነው? በኋላ ቢጎብጥ የሚያስተካክለውስ?» እውነተኛ ሠሪ መልሶ ይጠይቃችኋል። ስለ ቁመታችሁ፣ ስለ አመታታችሁ፣ አሁን ስላለው ዱላ ማወቅ ይፈልጋል። ቀለምና ዋጋ ብቻ የሚያወራችሁን ተዉት።

3. እንጨቱን በፎቶ አስልኩ

ሁለት ምርጫ አለ፤ አሽ ወይም ሜፕል። አሽ ግልጽ መስመሮች አሉት። ከላይ ሲያዩት እንደ ቀስት ራስ የተደረደሩ ቅርጾች ይታያሉ፤ ለብዙ ተጫዋች ዓይን መምሪያ ናቸው። ሜፕል ልስልስ ነው፣ መስመሩም እምብዛም አይታይም። መስመር ዓይኑን የሚረብሸው ሰው ሜፕል ይስማማዋል።

ፎቶው ከሁሉም ጎን ይሁን። የቀስቶቹን ብዛት አትቁጠሩ፤ ብዛት ጥራት አይደለም። መስመሮቹ ከጫፍ እስከ እጀታ ቀጥ ብለው መሄዳቸውን ተመልከቱ። መሃል ላይ ወደ ጎን የሚወጣ መስመር ካለ ሌላ እንጨት ጠይቁ። እንጨቱ ምን ያህል ጊዜ ደርቆ እንደቆየም ጠይቁ። በተለይ እንደ አዲስ አበባ በጋው ደረቅ የሆነ ቦታ የምትኖሩ ከሆነ ይህ ዋና ጉዳይ ነው። እርጥብ አገር የተሠራ ዱላ ደረቅ አየር ሲያገኘው ይኮማተራል፤ ጫፉ ላይ ያለው የነሐስ ቀለበት ሊላላ፣ የእጀታው መጋጠሚያም በእጅ ሊዳሰስ ይችላል።

ስለ እንጨቱ ግትርነት (ሲመታ ምን ያህል እንደሚተጣጠፍ) ደግሞ ቁጥር አይረዳችሁም። የምታውቋቸውን ተጫዋቾች ዱላ ሞክሩና የወደዳችሁትን ለሠሪው ግለጹ።

4. እጀታው እንዴት እንደተጋጠመ እዩ

በእጅ ሲሠራ ዋናው እንጨት በአራት ጎን ይላጋል። ከዚያ የዞጲ ወይም የሌላ ጠንካራ እንጨት ቁርጥራጮች አንድ በአንድ በሙጫ ይያያዙበታል። ስለዚህ መጋጠሚያው ጫፉ ክብ ያለ ቅስት ይመስላል። በማሽን የተገጠመው እንደ መርፌ ሾል ያለ ነው። በማሽን የተሠራ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ በእጅ ሥራ ዋጋ ግን አትክፈሉበት።

5. ውሉና ጉዞው

ልኩን፣ ቀብዱን፣ የሚደርስበትን ጊዜና ቢጎብጥ ማን እንደሚያስተካክል በጽሑፍ ተቀበሉ።

ውጭ አገር ካዘዛችሁ የጌጡን እንጨት ስም ጠይቁ። ሮዝዉድ የተባለው እንጨት ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚገዛው ዓለም አቀፍ ስምምነት (CITES) ቁጥጥር ሥር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ለትንንሽ ያለቀላቸው ዕቃዎች ቁጥጥሩ ቢላላም የብራዚሉ ዝርያ ግን በጥብቅ የተከለከለ ነውና አትዘዙት።

ማሸጊያው ጠንካራ ቱቦ ይሁን። ስኮትላንዳዊው ተጫዋች ስቲቨን ሄንድሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሰባት የዓለም ዋንጫ ያነሳበት ዱላ እ.ኤ.አ. በ2003 በአውሮፕላን ጉዞ ተሰብሮበታል።

6. ሲደርሳችሁ

ጠረጴዛ ላይ አንከባላችሁ አትፈትሹ። ብዙ የስኑከር ዱላ እጀታው ላይ አንድ ጠፍጣፋ ጎን ስላለው በትክክል አይንከባለልም። ይልቅ ከእጀታው በኩል አንድ ዓይን ጨፍናችሁ ወደ ጫፉ ተመልከቱ፤ እያዞራችሁም ድገሙት። ጥቂት መጉበጥ በጥሩ ዱላም ያጋጥማል። ጉብጠቱ ጎላ ካለ ግን ፎቶ አንስታችሁ ሳትጫወቱበት ለሠሪው ላኩ።