በጎንደር ጣሪያዎች መካከል የ60 ጊጋኸርዝ መስመር አዘረጋግ

ከፒያሳ አንድ ፎቅ ጣሪያ ተነሥቶ 400 ሜትር ወደሚርቅ ሕንፃ በ60 ጊጋኸርዝ ሞገድ መረጃ ማስተላለፍ የሚፈልግ ባለሙያ፣ አንቴናውንና ፕሮቶኮሉን (መሣሪያዎቹ የሚግባቡበትን ደንብ) አንድ ላይ ማቀድ አለበት። ስለ ፍሪኩዌንሲው አጠቃቀም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አስቀድሞ መጠየቅም ይገባል።

በመጀመሪያ የሲግናሉን ብክነት ያስሉ። በዚህ ርቀት ሞገዱ በመሰራጨቱ ብቻ ወደ 120 ዴሲቤል (የሲግናል ጥንካሬ ልዩነት መለኪያ) ይባክናል። ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ በኪሎ ሜትር 15 ዴሲቤል ያህል ይውጣል፤ በጎንደር ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ መጠኑ ቢቀንስም፣ ለጥንቃቄ 6 ዴሲቤል ይያዙለት። በሰዓት 25 ሚሊ ሜትር የሚወርድ የክረምት ዝናብ ደግሞ 4 ዴሲቤል ይጨምራል። የድንጋይ ግንብም ሆነ የባሕር ዛፍ ቅጠል በመካከል ሊኖር አይገባም፤ ዛሬ አጭር የሆነው ባሕር ዛፍ ከጥቂት ዓመት በኋላ መስመሩን እንደሚጋርድ አስቀድመው ያስቡ።

የሞገዱ ርዝመት 5 ሚሊ ሜትር በመሆኑ፣ 16 ትንንሽ አንቴናዎችን በ2.5 ሚሊ ሜትር ልዩነት አራት በአራት ቢደረድሩ ጎኑ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል በሆነ ሰሌዳ ላይ ይበቃሉ። የእያንዳንዳቸውን ፌዝ (ሞገዱ በዑደቱ ውስጥ ያለበትን ደረጃ) በመቀያየር ጨረሩ፣ ማለትም ወደ አንድ አቅጣጫ የተሰበሰበው ሞገድ፣ ይዞራል፤ ከአንድ አንቴና ጋር ሲነጻጸርም 12 ዴሲቤል ያህል ትርፍ ይገኛል።

ዋናው ሥራ ሁለቱ ጨረሮች እንዲገናኙ ማድረግ ነው። በየጎኑ 32 አቅጣጫ ቢኖር ሁሉንም ጥንድ መሞከር 1,024 ሙከራ ይጠይቃል። አንዱ በየአቅጣጫው ሲልክ ሌላው ሰፋ አድርጎ ቢያዳምጥና ከዚያ ተራ ቢለዋወጡ ግን 64 ሙከራ ይበቃል። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው 802.11ኤዲ የተባለው የ60 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ መስፈርትም የሚከተለው ይህን ስልት ነው። ሰፊ አዳማጭ የአንቴናውን ትርፍ ስለሚያጣ፣ የፍለጋ መልእክቶቹ በዝቅተኛ ፍጥነት መላክ አለባቸው።

ፕሮቶኮሉ ዝናብን ከግርዶሽ መለየቱ እጅግ አስፈላጊ ነው። ዝናብ ሁሉንም ጨረር ቀስ በቀስ ስለሚያዳክም አቅጣጫ መፈለግ አይጠቅምም፤ የመላኪያ ፍጥነቱን መቀነስ ይሻላል። ሲግናሉ በድንገት ካሽቆለቆለና በተከታታይ የተላኩ ፓኬቶች (የመረጃ ጥቅሎች) የመድረሳቸውን ማረጋገጫ ካላገኙ ግን አስቀድሞ ወደተመዘገበው ሁለተኛ ጨረር መዞር፣ እሱም ካልሠራ ፍለጋውን እንደገና መጀመር ያስፈልጋል። ምሰሶው በነፋስ የሚወዛወዝ ከሆነ አጎራባች አቅጣጫዎችን በየጊዜው መፈተሽ ይበቃል።

ጣቢያዎቹ ከሁለት ከበለጡ፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ የዞረ አንቴና የጎረቤቱን ሲግናል ላይሰማ ስለሚችል፣ «አየሩ ነጻ ነው» ብሎ መላክ ግጭት ያስከትላል፤ ለእያንዳንዱ ጣቢያ የተወሰነ የመላኪያ ጊዜ ይመድቡ።