ቤታችሁ ጊታር ስትሠሩ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ደሴ ውስጥ ጊታር ወይም ቤዝ በቤቱ ሊሠራ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያሳየኝ ሥዕል ነው። የቦዲው (የጊታሩ አካል) ቅርጽ፣ የቀንዶቹ አወጣጥ፣ የቀለሙ ዓይነት። ደስ ይለኛል፤ እኔም የጀመርኩት እንደዚያው ነው። ወዲያው ግን «አንገቱስ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ መልስ የለም።

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ዓይናችን ቦዲው ላይ ይቀራል፤ ጆሯችን የሚሰማው ግን በአብዛኛው የአንገቱንና የፍሬቱን፣ አንገቱ ላይ በአግድም የተደረደሩትን ቀጫጭን ብረቶች፣ ሥራ ነው። አሜሪካዊው ጊታር ተጫዋች ሌስ ፖል በ1940 ገደማ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የሠራው የሙከራ ጊታር መሀሉ ባለ አራት ማዕዘን ወፍራም እንጨት ብቻ ነበር። ግራና ቀኙ ላይ የለጠፋቸው ክንፎች ጊታር እንዲመስል ነው እንጂ ድምፁ የሚመጣው ከመሀሉ እንጨት ነበር። እንግዲያው ለቅርጽ ሦስት ወር፣ ለአንገት ሦስት ቀን አትስጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ከሆነማ አንገቱን ከተሰበረ ጊታር ላይ ወስዳችሁ ቦዲውን ብቻ ሥሩ። ይህ አቋራጭ ሳይሆን ትክክለኛው መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። ጊታር ሠሪው ሊዮ ፌንደር ከ1950 ጀምሮ በገበያ ያወጣቸው ጊታሮች አንገታቸው በቪቴ የሚታሰር ስለሆነ፣ በዚያ አሠራር የተሠራ አንገት ከአንዱ ቦዲ ተፈቶ ሌላው ላይ ይገጠማል።

እርጥብ እንጨት መቁረጥ

ይህን ከኪሴ ከፍዬ ነው የተማርኩት። ሐምሌ ላይ ከአንድ እንጨት ቤት የሚያምር የዋንዛ ጣውላ ገዛሁ። ሻጩ «ደርቋል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ላዩ ደርቋል። ደሴ በክረምት ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ቤት ድረስ ይገባል። የተሰጣ ልብስ ሦስት ቀን ቆይቶም እርጥበቱ አይለቀውም። እንጨትም ያው ነው። ቸኩዬ ቆረጥኩት፣ በኮላ አጣበቅኩት፣ አንገቱን አሰርኩት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጊታሩ ይጫወት ነበር። ታኅሣሥ ላይ ግን መጋጠሚያው ፀጉር በምታህል መስመር ተከፈተ። አንገቱም ጠመመ። ያን ቀን ያዘንኩትን ሐዘን አልረሳውም።

ጣውላ በጥላ፣ በአየር ብቻ ሲደርቅ ለ25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋል። የጊታር ቦዲ 45 ሚሊ ያህል ይወፍራል። ሒሳቡን ሥሩት። እንጨቱን ስትደረድሩ በጣውላና በጣውላ መሀል ቀጫጭን እንጨት አስገቡ፤ አየር ይዙርበት። ሁለቱን ጫፎች ቀለም ወይም ሰም ቀቡ፤ ውሃው ቶሎ የሚወጣው በጫፍ ስለሆነ ስንጥቅ የሚጀምረውም ከዚያ ነው። ፀሐይ ላይ ማስጣት ወይም ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ እንጨቱን ያፈነዳዋል።

መድረቁን ለማወቅ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ከዚያው ጣውላ አንድ ቁራጭ ወስዳችሁ በየሳምንቱ መዝኑ፤ ክብደቱን ጻፉ። ለአንድ ወር ክብደቱ ካልቀነሰ እንጨቱ ከቤታችሁ አየር ጋር ተስማምቷል። ሰፈራችን ያሉ አንድ አዛውንት አናጢ «ልጄ፣ እንጨቱ መጀመሪያ ቤቱን ይልመድ» ይሉኝ ነበር። ሚዛኑም የሚለው ያንኑ ነው።

መጠበቅ ለማትችሉ ጥሩ መላ አለ። የተሰበረ የድሮ ቁም ሳጥን ወይም አልጋ ፈልጉ። የዋንዛ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፤ ሠላሳ ዓመት ቤት ውስጥ የኖረ እንጨት ደርቆ አልቋል። ብቻ መጋዝ ከማንሳታችሁ በፊት ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት በላዩ ላይ አሳልፉበት። የተደበቀ ምስማር መጋዝም ጣትም ይጎዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከደሴ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከፍታው ግን ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,850 ገደማ ይወርዳል፤ አየሩም ሌላ ነው። ደሴ በጉም የሠራችሁትን አንገት ኮምቦልቻ ላለ ጓደኛ በበጋ ብትሰጡት እንጨቱ በስፋቱ ይኮማተራል። ብረቱ ግን አይኮማተርም። ስለዚህ የፍሬቶቹ ጫፍ ከአንገቱ ጠርዝ ወጥቶ እጅ ይቧጥጣል። እንጨቱ ጊታሩ በሚኖርበት ከተማ ጥቂት ሳምንት ይቆይ፤ ፍሬት ከዚያ በኋላ ይመታ።

ያገኙትን እንጨት ሁሉ ማዋል

ባሕር ዛፍ በየቦታው አለ፤ ርካሽም ነው። ግን ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ለአንገት በፍጹም። ወይራ በጣም ጠንካራ ስለሆነ ፍሬት ለሚመታበት የጣት ሰሌዳ ግሩም ነው፤ ቦዲውን በሙሉ በወይራ የሠራ ሰው ግን ቦዲው ብቻ አራት ኪሎ ሊጠጋበት ይችላል። ሙሉ ኤሌክትሪክ ጊታር አብዛኛውን ጊዜ 3.5 ኪሎ አካባቢ ነው። ትከሻችሁን አስቡለት። ለቦዲ እኔ የምመርጠው ዋንዛ ነው፤ አይከብድም፣ ለመሮም ይታዘዛል። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ የሐበሻ ጥድና ኮሶ ከተፈጥሮ ደን መቁረጥ ግን በሕግ የተከለከለ ነው። ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቁ። አሮጌ የቤት ዕቃ የምወድበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው።

ዕቃው ሳይገባ መቁረጥ

ብሪጅ (ክሮቹ ቦዲው ላይ የሚያርፉበት ብረት)፣ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው) እና መቃኛ ብዙ ጊዜ የሚመጡት ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ በሚመጣ ሰው እጅ ነው። «ዕቃው እስኪመጣ ቦዲውን ልጨርስ» ማለት ያጓጓል። አታድርጉት። ሁለት ብሪጆች አንድ ዓይነት ቢመስሉም ከፍታቸው ይለያያል። ዝቅ ያለ ብሪጅ አስባችሁ የቆፈራችሁት የአንገት ማስገቢያ ከፍ ያለ ብሪጅ ሲመጣ ክሮቹን ከፍሬቱ በላይ ያንጠለጥላቸዋል። ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ይሁን፣ በካሊፐር ይለካ፣ ሥዕሉ በሙሉ መጠን ወረቀት ላይ ይሣል። መጋዝ ከዚያ በኋላ።

ፍሬትን ከፍሬት መለካት

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሂድ። ወሎ የቅኝት አገር ነው። ትዝታ የዚሁ አገር ነው። አምባሰል ከደሴ በስተ ሰሜን፣ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ ያሉ ቦታዎች ስም ነው። ጆሯችን በእነዚህ ቅኝቶች ነው ያደገው፤ የሳተ ድምፅ ቶሎ ይቆረቁረናል። ክራር ፍሬት የለውም። ቢስት መቃኛውን ነካ አድርጎ ማስተካከል ይቻላል። ጊታር ግን ፍሬቱ ያለቦታው ከተመታ ምንም መቃኛ አያተርፈውም። ፌንደር በ1951 ያወጣው ቤዝ «ፕሪሲዥን» የተባለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፍሬት ስላለው ከትልቁ ቁም ቤዝ በተለየ ድምፁን ልክ ቦታው ላይ ያገኘዋል።

የክሩ ርዝመት ከላይ ከነት እስከ ብሪጅ ይለካል። ነት የምንላት ክሮቹ ከመቃኛው ወርደው የሚያርፉባት ትንሿ አጥንት ናት። የተለመደው የጊታር ክር ርዝመት 648 ሚሊ ነው፤ የቤዝ ደግሞ 864። ርዝመቱን ለ17.817 ስታካፍሉ የመጀመሪያው ፍሬት ከነት ያለውን ርቀት ታገኛላችሁ። ለጊታሩ 36.4 ሚሊ ነው፤ ለቤዙ 48.5። የቀረውን ርዝመት እንደገና ለ17.817 ታካፍላላችሁ፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ልክ ግማሹ ላይ ማረፍ አለበት፤ 324 ለጊታር፣ 432 ለቤዝ። ካላረፈ ሒሳባችሁ ተሳስቷል።

ስህተቱ ሒሳቡ ላይ ሳይሆን ምልክት ስታደርጉ ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው እያለ ይለካል። በእያንዳንዱ ሩብ ሚሊ ብትስቱ አሥራ ሁለተኛው ላይ ስትደርሱ ሦስት ሚሊ ሊሆን ይችላል። እዚያ ቦታ አንዲት ሚሊ ብቻ ድምፁን አምስት ሴንት ታዛባለች፤ ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው። ሦስት ሚሊ ማንም ሰው ይሰማዋል። ስለዚህ ርቀቶቹን በሙሉ መጀመሪያ ወረቀት ላይ አውጡ። ከዚያ የብረት ማስመሪያውን ነት ላይ አስራችሁ ሳታነሱት ሁሉንም ከነት ለኩ። ሁለተኛው 70.7፣ አምስተኛው 162.5፣ ሰባተኛው 215.5። ምልክቱን በእርሳስ ሳይሆን በስለት አድርጉ፤ የእርሳስ መስመር ራሱ ውፍረት አለው።

ብሪጁን ልክ 648 ላይ መምታት

ክር ስትጫኑት ይወጠራል፤ ሲወጠር ድምፁ ትንሽ ይወጣል። ይህን ለማካካስ ክሩ ከሒሳቡ ትንሽ መርዘም አለበት። ወፍራሞቹ ክሮች ከቀጭኖቹ የበለጠ፣ ጥቂት ሚሊ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ስለዚህ በብሪጁ ላይ የቀጭኗ ክር ማረፊያ ወደ ፊት የሚችለውን ያህል ሊጠጋ ጥቂት ሲቀረው 648 ላይ ይዋል፤ ለሌሎቹ ወደ ኋላ የሚሄዱበት ቦታ ይቀርላቸዋል። ቪቴውን ከመምታታችሁ በፊት የስፌት ክር ከነቱ ሁለት ጠርዞች እስከ ብሪጁ ወጥሩ። ክሩ ከጣት ሰሌዳው ጠርዝ እኩል ካልራቀ አንገቱ ወይም ብሪጁ ከመሀል መስመር ወጥቷል። ይህን በትራፓኖ ቀዳዳ ከበሳችሁ በኋላ ብታውቁት ምን ይጠቅማል?

ያለ ብረት ዘንግ አንገት መሥራት

የስድስት ክር ጉተታ ከ40 ኪሎ በላይ ነው። የቤዝ አራት ክር ከ70 ኪሎ በላይ ይጎትታል። ከግማሽ ኩንታል በእጅጉ የሚበልጥ ጭነት ቀንና ሌሊት አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ለዚህ ነው አንገቱ ውስጥ የሚጠብቅና የሚላላ የብረት ዘንግ የሚቀበረው፤ ጊብሰን ከ1920ዎቹ ጀምሮ ይጠቀምበታል። «እንጨቴ ጠንካራ ነው» ብላችሁ አትተዉት፤ በተለይ ለቤዝ። ስታጠብቁት ደግሞ ሩብ ዙር ብቻ፣ ከዚያ ጠብቁ። አንደኛውንና የመጨረሻውን ፍሬት ተጭናችሁ ሰባተኛው ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ሩብ ሚሊ ያህል ክፍተት ካለ በቂ ነው።

ነቱን ከፍ አድርጎ መተው

የፕላስቲክ ነት ከመግዛት የበሬ ቅልጥም ከሥጋ ቤት ጠይቁ። በሳሙና ውሃ ደጋግማችሁ ቀቅሉት፤ ስቡ ይውጣ፣ ይድረቅ። ስትሞርዱት አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ የአጥንትም የእንጨትም ብናኝ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ጀማሪ የክሩን ቦይ በጥልቀት ለመሞረድ ይፈራል። ነቱ ከፍ ብሎ ይቀራል። ከፍ ያለ ነት ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ፍሬቶች ድምፅ ያወጣዋል። ይህን ለማወቅ አምባሰልን የመሰለ መፈተኛ የለም። ወፍራሙን ሚ ክር ባዶውን ምቱ፤ ከዚያ አንደኛውን ፍሬት። ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። አምባሰል ከመነሻው በግማሽ ድምፅ ነው የሚሄደው፤ ያቺ ሁለተኛ ድምፅ ከፍ ካለች ቅኝቱ ወዲያው ይበላሻል። ሦስተኛውን ፍሬት ስትጫኑ በክሩና በአንደኛው ፍሬት መካከል ወረቀት የምታሳልፍ ክፍተት ብቻ እስክትቀር ጥቂት ጥቂት ሞርዱ። ካለፈ ግን አዲስ አጥንት ነው።

ኤሌክትሪኩን መናቅ

የቤታችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በደንብ ያልተሸፈነ ጊታር ያንን 50 ኸርዝ ይለቅመዋል። በቤዙ ሚ ክር ላይ ያለው ሦስተኛ ፍሬት፣ ሶል፣ 49 ኸርዝ ነው። እዝዝታው ሙዚቃችሁ ውስጥ ገብቶ ይዘፍናል ማለት ነው። የገመዶቹን ጉድጓድ በመዳብ ወረቀት ልበሱት፤ አሉሚኒየም የሽቦ መበየጃውን ሊድ አይዝም። ከብሪጁ ሥር ወደ ግራውንድ የሚሄድ ሽቦ አትርሱ። ክሩን ስትነኩ እዝዝታው ከቀነሰ ደህና ነው። ከጨመረ መሰኪያው ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ተገላብጠዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን አምፕሊፋየሩ ነው። ኧርዝ የሌለው ሶኬት ላይ የተሰካ፣ ወይም የኧርዝ እግሩ የተቆረጠ አምፕሊፋየር ሲበላሽ ኤሌክትሪኩን በገመዱ በኩል እስከ ክሮቹ ሊያመጣው ይችላል። ክሮቹ ላይ ያለው ደግሞ የእናንተ እጅ ነው። በሥራ መጀመሪያ ላይ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ሶኬቱን አስፈትሹ።

በክረምት ቀለም መቀባት

ስለ ቀለም ብዙ አልልም። እርጥበት ባለበት አየር የተረጨ ላከር ነጭ ጉም መስሎ ይቀራል። ጋራዥ ያለ ጥሩ ቀለም ቀቢ በደረቅ ቀን ከእኛ የተሻለ ይሠራዋል። ብቻ ቀለሙ ከመቀባቱ በፊት ጊታሩን በሙሉ ግጠሙና ሁለት ሳምንት ተጫወቱበት። የሚቆረጥ ይቆረጣል፣ የሚሞረድ ይሞረዳል። ከዚያ ፈታችሁ ትቀባላችሁ። አሁን የያዝኩት ቤዝ እንደዚሁ ነው። የዋንዛ ቦዲ፣ የወይራ የጣት ሰሌዳ፤ ግድግዳው ላይ ባዶውን ተሰቅሏል። ማታ ማታ ባቲ እሞክርበታለሁ። ቀለሙ መስከረምን ይጠብቃል።