በደካማ ኮምፒዩተር ጌም ሳይንቀራፈፍ ሪከርድ ለማድረግ

ጌሙ ለብቻው ደህና እየሄደ ሪከርድ ሲጀመር የሚንቀራፈፍ ከሆነ ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ሴቲንጉ ላይ ነው። ስክሪን የሚቀዳው ኦቢኤስ ስቱዲዮ (ኦቢኤስ) የሚባለው ፕሮግራም ነጻ ነው፤ ቪዲዮው ላይ ምልክት አያትምም፣ የሰዓት ገደብም የለውም። ከራሱ ድረ ገጽ አውርዱት። «ክራክ» ብሎ የሚያቀርብላችሁ ካለ ቫይረስ ሊሆን ስለሚችል አትንኩት።

መጀመሪያ ጌሙን አስተካክሉ። ግራፊክስ ካርዱ 100 በመቶ ከተያዘ ለኦቢኤስ የሚተርፍ አቅም አይኖርም። ሪቫቱነር የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፍታችሁ «ፍሬምሬት ሊሚት» (በሰከንድ የሚታዩ ምስሎች ገደብ) ላይ 60 ጻፉ። ማሽኑ 60 የማይደርስ ከሆነ 30 አድርጉት፤ በ35 እና በ55 መካከል ከሚዋዥቅ ጌም የረጋ 30 ለዓይን ይሻላል። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩ ይሰካ፣ በባትሪ ሲሠራ አቅሙን ራሱ ይቀንሳልና። «ጌም ቡስተር» የሚባሉትን መጫን አያስፈልግም፤ አብዛኞቹ የሚሠሩት ከጀርባ የተከፈቱ ፕሮግራሞችን መዝጋት ነው፣ ያንን በታስክ ማናጀር ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ።

ቀጥሎ ኦቢኤስ ውስጥ ሴቲንግስ፣ ከዚያ አውትፑት ግቡና ሞዱን «አድቫንስድ» አድርጉ። «ሪከርዲንግ» በሚለው ስር ኢንኮደሩን (ቪዲዮውን የሚጨምቀውን) ምረጡ፦ ኤንቪዲያ ካርድ ካላችሁ ኤንቬንክ፣ የኢንቴል ግራፊክስ ከሆነ ክዊክሲንክ፣ ኤኤምዲ ከሆነ የኤኤምዲውን። ኤክስ264 የሚባለው ኢንኮደር ከተመረጠ ሥራው ሁሉ ጌሙን በሚያስኬደው ፕሮሰሰር ላይ ይወድቃል፤ መንቀራፈፉ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሬት ኮንትሮሉን (ጥራትና የፋይል መጠን የሚወሰንበትን) ሲኪውፒ አድርጋችሁ ከ20 እስከ 23 ስጡት። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥራቱም ፋይሉም ይጨምራል። ዲስኩ ጠባብ ከሆነ በየሰከንዱ እኩል ዳታ የሚጽፈውን ሲቢአር መርጣችሁ በሰከንድ 12,000 ኪሎቢት ሙሉ፤ በሰዓት 5.4 ጊጋ ገደማ ይይዛል። በፋት32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ግን ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም።

ፎርማቱን ኤምኬቪ አድርጉት። ተራው ኤምፒ4 ፋይሉን ለመክፈት የሚያስፈልገውን ማውጫ የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ተጫውታችሁ ስቶፕ ሳትጫኑ መብራት እልም ቢል ፋይሉ በጊጋ ተቆጥሮ ፎልደሩ ውስጥ ይታያል፣ አይከፈትም። ኤምኬቪ ላይ እስከዚያች ቅጽበት የተቀዳው ይተርፋል። በኋላ ከ«ፋይል» ሜኑ «ሪመክስ ሪከርዲንግስ» ብላችሁ ወደ ኤምፒ4 ቀይሩት፣ ጥራቱ አይነካም።

ጌሙን ወደ ኦቢኤስ የሚያስገባው «ጌም ካፕቸር» ጥቁር ስክሪን ብቻ ካሳየ፣ ሁለት ግራፊክስ ባለው ላፕቶፕ ላይ ኦቢኤስና ጌሙ በተለያየ ካርድ እየሠሩ ይሆናል። በዊንዶውስ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ ገብታችሁ ለኦቢኤስ «ሃይ ፐርፎርማንስ» ምረጡና ዘግታችሁ ክፈቱት።

ለዋናው ጨዋታ ከመቀመጣችሁ በፊት ከኦቢኤስ «ዶክስ» ሜኑ ውስጥ «ስታትስ»ን ከፍታችሁ ሁለት ደቂቃ ሞክሩ። «ሬንደሪንግ ላግ» ከጨመረ ግራፊክስ ካርዱ ታፍኗል፤ የፍሬም ገደቡን ቀንሱ ወይም ኦቢኤስን በአድሚኒስትሬተር ክፈቱት። የጨመረው «ኢንኮዲንግ ላግ» ከሆነ የአውትፑት ሬዞሉሽኑን (የሚቀዳውን ምስል ስፋት) ወደ 1280 በ720 አውርዱ።