ከጅቡቲ እስከ ታጁራ፦ የባሕር ዳርቻው መንገድ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ከጅቡቲ ከተማ ወጥቶ በጋላፊው መስመር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የሄደ ሹፌር ወደ ቀኝ፣ ወደ ታጁራ ሲታጠፍ መንገዱ ጠባዩን ይቀይራል። መጀመሪያ ድንጋያማ ከፍታ፣ ቀጥሎ ወደ ጉቤት ባሕረ ሰላጤ የሚጥል ቁልቁለት፣ ከዚያ በባሕሩና በአሳል ሐይቅ መካከል የተዘረጋው የጥቁር እሳተ ገሞራ ድንጋይ ምድር ይመጣል። አሳል ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የተኛ ሐይቅ ነው፤ አጠገቡ ያለው አርዱኮባ በ1978 እ.ኤ.አ. ፈንድቷል። እሱን ሲያልፉ እንደገና ዳገት፣ እንደገና ቁልቁለት፣ በመጨረሻም ሳጋሎ አካባቢ መንገዱ ከባሕሩ ጎን ለጎን ይሄዳል። የታጁራ ወደብ በ2017 እ.ኤ.አ.፣ ከታጁራ ወደ ባልሆ ድንበር የሚወስደው አስፋልት ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. ከተከፈቱ ወዲህ መስመሩን የሚይዝ የኢትዮጵያ ሹፌርም አለ።

በዚህ መንገድ ላይ ብልሽቱ የሚታይበትና የሚፈጠርበት ቦታ አይገናኙም። ፍሬን የሚያልቀው ቁልቁለቱ መሃል ነው፤ ጥፋቱ የተሠራው ግን አናቱ ላይ ማርሽ ሲመረጥ ነው። ጎማ የሚፈነዳው ቀን 8 ሰዓት ላይ ነው፤ ንፋሱ ያነሰው ግን ጠዋት ነው። ስለዚህ ከታች ያለው ሁሉ ከምልክቱ ተነስቶ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሸተተ፣ ፔዳሉ ተለወጠ

የተቃጠለ ሽታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ፔዳሉ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ብልሽቶች አሉና። ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንካራ ሆኖ መኪናው ግን አልያዝ ካለ፣ ከልክ በላይ የጋለው የፍሬን ሸራው ነው። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ወለሉ ከሰመጠ የፈላው የፍሬን ዘይቱ ነው። አዲስ ዶት 4 ዘይት 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ አይፈላም፤ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ሲያረጅ ግን መፍያው ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። የባሕር ዳር አየር እርጥብ በመሆኑ፣ ሌላ ቦታ በሁለት ዓመት የሚቀየረውን ዘይት እዚህ የሚመላለስ ሰው በየዓመቱ ቢቀይረው ዋጋው ከሸራ ያነሰ ነው።

ከባድ መኪና ላይ ነገሩ ሌላ ነው። የንፋስ ፍሬን ዘይት የለውም፤ ታምቡሩ ግን ሲግል ይሰፋል፣ ሸራውም እሱን ለመያዝ ረጅም መንገድ ይሄዳል። የሸራው ማስተካከያ ቀድሞውኑ ላልቶ ከነበረ ጉልበቱ እዚያው ያልቃል። በዚያ ላይ ቶሎ ቶሎ መርገጥ ኮምፕሬሰሩ ከሚሞላው በላይ ንፋስ ይጨርሳል። የንፋስ ጌጁ ወደ 5 ባር እየወረደ ከሆነ የማስጠንቀቂያውን ጩኸት አትጠብቁ፤ መቆሚያ ፈልጉ። ንፋሱ በጣም ሲያንስ የስፕሪንግ ፍሬኑ በራሱ ጊዜ ይይዛል፤ ኩርባ ላይ ከያዘ ደግሞ ተሳቢው ሊታጠፍባችሁ ይችላል።

ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ማርሽ ነው። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለው የድሮ ምክር ለድሮ መኪና ነበር። የዛሬዎቹ ሞተሮች ጉልበታቸው ስለበዛ ዳገቱን በከፍተኛ ማርሽ ይወጡታል፤ በዚያው ማርሽ ከወረዱ ሞተሩ መኪናውን አይዘውም። ከወጣችሁበት አንድ ማርሽ ዝቅ አድርጉ፤ ይህንንም ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ አናቱ ላይ። ጭነት ይዞ ፍጥነት ከጨመሩ በኋላ ማርሽ ለመቀነስ መሞከር ዜሮ ላይ ያስቀራል። ሞተር ፍሬን ካለ ይብራ። ከዚያ የምትወርዱበትን ፍጥነት ምረጡ፤ 40 ነው እንበል። መኪናው 40 ሲደርስ ፍሬኑን ጠንከር አድርጎ ረግጦ በሦስት ሰከንድ ያህል ወደ 30 ማውረድ፣ ከዚያ ፈጽሞ መልቀቅ፣ 40 ሲደርስ መድገም። ቀለል አድርጎ ሳያቋርጡ መርገጥ ሸራው የሚተነፍስበት ጊዜ ያሳጣዋል።

ነዳጅ ለመቆጠብ በዜሮ ማርሽ መውረድን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ እንበል፦ አብዛኞቹ ዘመናዊ ሞተሮች ማርሽ ውስጥ ሆነው ነዳጅ ካልረገጡላቸው ነዳጁን ራሳቸው ይቆርጣሉ፣ ዜሮ ላይ ግን ሞተሩን ለማቆየት ይበላሉ። በዜሮ የሚወርድ ሰው የሚቆጥበው ነገር የለም።

ዘይቱ አስቀድሞ ከፈላ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ መምታት ትንሽ ግፊት ሊመልስ ይችላል። ማርሹን አንድ በአንድ ቀንሱ፤ ትንሽ መኪና ከሆነ የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን ተጭናችሁ ቀስ በቀስ ሳቡ። መጠጋት ካስፈለገ ወደ ተራራው ጎን ነው፣ ወደ ገደሉ አይደለም። ከቆማችሁ በኋላ በጋለ ታምቡር ወይም ዲስክ ላይ ውሃ አትድፉ፣ ይሰነጠቃል። የእጅ ፍሬንም አትሳቡ፤ የጋለው ታምቡር ሲቀዘቅዝ ሸራው ላይ ይጨመቃል። ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጉና ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ጠብቁ። ስትነሡ ድንጋዩን አንሡት! አስፋልት መሃል የቀረ ድንጋይ ማታ ለሚመጣው ሰው ከፍሬን ብልሽት አይተናነስም።

ፀሐይ እየወጣች ነው፣ ሸለቆው ግን ቡናማ ውሃ ይዞ መጥቷል

በዚህ አካባቢ ወንዝ የሚባለው አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ጠጠር ነው። መንገዱ ሸለቆዎቹን በሁለት መንገድ ይሻገራል፦ በድልድይ፣ ወይም ጎርፉ በላዩ እንዲያልፍ ተደርጎ በተሠራ ዝቅተኛ የኮንክሪት መሻገሪያ። ሰው የሚያልቀው በሁለተኛው ላይ ነው። ዝናቡ የሚዘንበው ከላይ ተራራው ላይ ስለሆነ እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጥርት ሊል ይችላል። በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ፣ በኅዳር 2019 ደግሞ ከባድ ዝናብ ጅቡቲን አጥለቅልቀዋል፤ ምድሩ ጠጥቶ የሚያስቀረው ውሃ ጥቂት ስለሆነ የወረደው ሁሉ ወደ ሸለቆ ይሮጣል።

ጎርፉ ከመድረሱ በፊት የሚታይ ነገር አለ። ደረቁ ጠጠር ላይ ስስ ውሃ እየተሳበ ይመጣል፤ ፊቱ ላይ አረፋ፣ ገለባና የፍየል በጠጥ ይገፋል። ይህን ካያችሁ ከኋላው ትልቁ አለ፤ መሻገሪያው ላይ ከሆናችሁ ቶሎ ውጡ፣ ገና ካልገባችሁ አትግቡ። ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ፈጣን ውሃ ትንሽ መኪና ያነሣል፤ ስልሳ ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና፣ ፒክአፕም ሳይቀር፣ ይወስዳል። ባዶ ተሳቢም ክብደቱን አይቶ የሚተማመንበት አይደለም፤ ጎኑ ሰፊ ስለሆነ ውሃው የሚገፋው ብዙ ቦታ ያገኛል።

መፍትሄው መጠበቅ ነው። እንዲህ ያለ ጎርፍ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል። ውሃው ዳር ላይ አንድ ድንጋይ ምልክት አድርጋችሁ አስቀምጡና ሲሸሽ ወይም ሲጠጋ ተመልከቱ። የቆማችሁት ከሸለቆው ውጭ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ መሆኑንም አረጋግጡ፤ ጥላ አለ ብሎ ግራር ሥር፣ ሸለቆው ውስጥ የሚያቆም ሰው ሁሌም አይጠፋም።

ውሃው ሲጎድል ወዲያው አትንዱ። በእግር ሂዱና የኮንክሪቱን ጠርዝ፣ በተለይ ውሃው የሚወጣበትን የታችኛውን ጎን እዩ። ጎርፍ ከሥሩ አፈሩን ቦርቡሮ ኮንክሪቱን እንደ ጣሪያ አንጠልጥሎት ሊሄድ ይችላል፤ ከላይ ሲታይ ደህና ነው፣ 40 ቶን ሲመጣበት ግን ይሰበራል። ስትሻገሩ መሃሉን ይዛችሁ በአንደኛ ማርሽ፣ ሳትቆሙ። ከተሻገሩ በኋላ ፍሬኑን ቀለል አድርጎ ጥቂት ጊዜ እየረገጡ ማድረቅ ያስፈልጋል።

ሙቀት መለኪያው ከጉቤት ወደ ላይ ሲወጣ አብሮ ወጣ

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከምዕራብ የሚነፍሰው ደረቅ ትኩስ ንፋስ፣ ካምሲን፣ እዚህ ላይ የራሱ ድርሻ አለው። ከኋላ ሲነፍስና መኪናው ቀስ ብሎ ሲወጣ በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፍ አየር የለም ማለት ይቻላል፤ ሥራው ሁሉ ማራገቢያው ላይ ይወድቃል። ቺንጋው ከላላ ወይም የራዲያተሩ ክንፎች በአቧራና በጨው ከተደፈኑ ሜዳ ላይ ያልታየ ጉድለት እዚህ ይወጣል።

ቀስቱ ሲነሣ ኤሲውን አጥፉ፣ የካቢን ማሞቂያውን ሙሉ ክፈቱ (አዎ፣ በ40 ዲግሪ ሙቀት)፣ ማርሽ ቀንሱና ሞተሩ ሳይጨነቅ ፈጠን ብሎ ይዙር፤ ውሃውን የሚያዘዋውረው ፓምፕና ማራገቢያው ከእሱ ጋር ይፈጥናሉና። ካልወረደ ፊቱን ወደ ንፋሱ አዙራችሁ አቁሙ። ውሃ እያፈሰሰ ካልሆነ ሞተሩን በቀስታ አዙሩት እንጂ ወዲያው አታጥፉት፤ እያፈሰሰ ከሆነ ግን ወዲያው አጥፉ። የራዲያተር ክዳን ከግማሽ ሰዓት በፊት አይነካም፤ ውስጡ ያለው ውሃ በግፊት ምክንያት ከ100 ዲግሪ በላይ ሆኖም ሳይፈላ የተቀመጠ ነው፣ ክዳኑ ሲከፈት በአንዴ ይገነፍላል።

የባሕር ወይም የአሳል ውሃ ራዲያተር ውስጥ አይገባም። አሉሚኒየሙን ይበላዋል፣ ሲደርቅም ጨው ሆኖ ቱቦ ይደፍናል። ለትንሽ መኪና 10 ሊትር፣ ለከባድ መኪና 40 ሊትር ንጹሕ ውሃ ከሚጠጣው ለይታችሁ ያዙ። ራዲያተሩን ስታጥቡ ደግሞ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በቀላል ግፊት ይሁን፤ ከፊት በኃይል የሚረጭ ውሃ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል፣ ክንፎቹንም ያጣምማል።

ጎማ

ሙቀት ጎማ አፈነዳ ይባላል፤ ብዙ ጊዜ የሚያፈነዳው ግን የንፋስ ማነስ ነው። ንፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ በየዙሩ እየታጠፈ ራሱን ያግላል፣ አስፋልቱ ደግሞ የቀረውን ይጨምራል። ልኬት ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ቀን ላይ ግፊቱ ሲጨምር አይታችሁ ንፋስ አታስወጡ፤ ጭማሪው የሚጠበቅ ነው፣ ያስወጣችሁት ለነገ ጠዋት ጉድለት ይሆናል። መንታ ጎማ ላይ ሁለቱን ለየብቻ ለኩ፤ አንዱ ካነሰ ጭነቱ ሁሉ በሌላው ላይ ነው። በመካከላቸው የተሰነቀረ ድንጋይም ካለ አውጡ። ዕድሜውን ጎኑ ላይ ካሉት አራት ቁጥሮች አንብቡ፦ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። በእሳተ ገሞራው ድንጋይ ላይ ከአስፋልት ከወጣችሁ ጎማው የሚቆረጠው በጎኑ ነው፣ ጎን ደግሞ አይለጠፍም።

ጎማ ከአስፋልቱ ጠርዝ ወደቀ

ጠርዙ በተበላ ቦታ የቀኝ ጎማ ሲወድቅ መሪው ወደ ቀኝ ይስባል። መገልበጥ የሚመጣው ከመውደቁ ሳይሆን በድንጋጤ መሪውን ወደ ግራ ከመጠምዘዝ ነው፦ ጎማው ጠርዙን ታኮ ይቆይና ድንገት ሲወጣ መኪናውን በተቃራኒው መስመር ላይ ይወረውረዋል። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ነዳጅ ልቀቁ፣ ፍሬን በኃይል አትርገጡ። ፍጥነቱ ወደ 30 ሲወርድ ጠርዙ ዝቅ ባለበት ቦታ ተመለሱ።

መኪናው በድንገት ወደ ጎን ተገፋ፤ ወይም ፊት ለፊት ምንም አይታይም

ተራራው ንፋሱን ሲከልል ቆይቶ ሸለቆ አፍ ላይ ድንገት ይለቀዋል፤ ባዶ ኮንቴይነርና ሸራ የለበሰ ተሳቢ በጣም ይንገላታሉ። ሸለቆው ሳይደርስ ፍጥነት ቀንሱ። ትልቅ መኪና ስትቀድሙ ከጎኑ እያላችሁ ንፋሱ ይጠፋል፣ ሲያልፉ ተመልሶ ይመታል። አሸዋ አስፋልት ላይ ተነጥፎ ካያችሁ ከእሱ በፊት ፍሬን ያዙ፣ በላዩ አይደለም።

አቧራ ከዘጋ አጭር መብራት ይሻላል፤ ረጅሙ ከአቧራው ተመልሶ ዓይናችሁን ይመታል። መቆም ካለባችሁ ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ውጡ፣ መብራት አጥፉ፣ እግራችሁንም ከፍሬን አንሡ። የኋላ መብራታችሁን መንገድ መስሎት የሚከተል ይኖራልና። ማታ ደግሞ ግመል አለ። እግሩ ረጅም ስለሆነ መብራታችሁ መጀመሪያ የሚያገኘው እግሩን ነው፣ ሲመታ ግን ሰውነቱ መስታወት ላይ ይወድቃል። አንድ ካለፈ ሌላ ይኖራል፤ በቀጥታ ፍሬን ያዙ፣ ወደ ገደሉ አትሽሹ።

ጠዋት አልነሣም አለ

ታጁራ ባሕሩ ዳር ያደረ መኪና ሁለት ዓይነት እምቢታ አለው። ሞተሪኖው «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ የባትሪውን ጫፎች እዩ፦ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ካለ የጨው አየር ሥራ ነው። መጀመሪያ ነጌቲቩን ፍቱ፣ በሞቀ ውሃ የተበጠበጠ ሶዳ አፍሱበት፣ በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፣ ኋላ ነጌቲቩን መጨረሻ ላይ እሠሩና ግሪስ ቀቡት። ካልሆነ ከባትሪው ወደ ሻንሲው የሚሄደውን ሽቦ ተከተሉ፤ ብሎኑ ሥር ዝጎ ሊሆን ይችላል።

ሞተሩ ተነሥቶ መኪናው ካልተንቀሳቀሰ ሸራው ታምቡሩ ላይ በዝገት ተጣብቋል። በአንደኛና በኋላ ማርሽ ቀስ እያሉ ማወዛወዝ ብዙ ጊዜ ይለቀዋል፤ ካልሆነ ታምቡሩን በዙሪያው በመዶሻ ቀለል አድርጎ መምታት፣ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ካስቀመጡ በኋላ። በሚቀጥለው ሌሊት በሜዳ ላይ የእጅ ፍሬኑን ትታችሁ በማርሽና በድንጋይ አሳድሩት። ወደ ደጋ ስትመለሱም ከሥር፣ ባሌስትራው መሃልና ከሻንሲው ውስጥ ጭምር፣ በንጹሕ ውሃ አሳጥቡት፤ ፍሬኑ ከበረደ በኋላ።