ከድሬዳዋ ተነሥተው በባሕር ካያክ ለሚወዳደሩ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጅቡቲ ወደብ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ዛሬ ድሬዳዋ ካለችበት ሜዳ ደረሰ፤ ከተማዋም ጣቢያውን ተከትላ ተቆረቆረች። ስለዚህ ባሕሩ ለድሬ ሰው በንግድ፣ በዘመድና በጉዞ የታወቀ ነው። በላዩ ላይ መቅዘፍ ግን ራሱን የቻለ ዕውቀት ይጠይቃል።

ሩጫን፣ ብስክሌትንና ካያክን (ሁለት ጫፍ ባለው መቅዘፊያ የምትቀዘፈውን ጠባብ ጀልባ) የሚያጣምሩ የባሕር ዳርቻ ውድድሮች ለድሬዳዋና ለሐረር ስፖርተኞች የሚሆኑ ናቸው ብዬ ከልቤ አምናለሁ። የደንገጎን ዳገት በብስክሌት እየወጣ ሐረር የሚገባ ሰው ሳንባም ጉልበትም አያንሰውም። የሚጎዳው ውኃውን እንደ አስፋልት ማየቱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ ይመነጫሉ።

የጀልባዋን ጫፍ በቀጥታ ወደ መድረሻው ማነጣጠር

መንገድ ላይ ቀጥታው አጭሩ ነው። ውኃ ላይ ግን መንገዱ ራሱ ይንቀሳቀሳል። በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር የሚቀዝፍ ተወዳዳሪ 2 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለውን ውኃ ሊሻገር ነው እንበል፤ ከጎን ደግሞ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር የሚፈስ ጅረት አለ። የጀልባዋን ጫፍ ወደ ማዶ አቅንቶ ቢቀዝፍ በ17 ደቂቃ ገደማ ይሻገራል፤ ነገር ግን ከምልክቱ 860 ሜትር ያህል ወደ ታች ተወስዷል። ያንን ርቀት ጅረቱን እየተጋፈጠ ለመመለስ ሌላ 13 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ከመነሻው ጀልባዋን በ25 ዲግሪ ገደማ ወደ ጅረቱ መምጫ ቢያዞራት ኖሮ በ19 ደቂቃ ከምልክቱ ላይ ይደርስ ነበር። በክንድ ብርታት 11 ደቂቃ የሚያተርፍ ሰው የለም፤ ይህን ትርፍ የሚሰጠው አቅጣጫው ብቻ ነው።

እየተወሰዱ መሆንዎን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ማዶ ላይ አንድ ቅርብ ነገርና ከበስተኋላው አንድ ሩቅ ነገር ይምረጡ፤ ለምሳሌ ቋጥኝና ተራራ። ቋጥኙ ከተራራው አንጻር ወደ ግራ ሲሸሽ ከታየዎት እርስዎ ወደ ቀኝ እየተወሰዱ ነው። ሁለቱ ተደራርበው እስከቆዩ ድረስ መስመርዎን አልሳቱም። ይህን ልምምድ ከማንኛውም ውድ ሰዓት አስበልጣለሁ።

ባሕሩ እንዳዩት እንደሚቆይ ማሰብ

ጠዋት የታየው የባሕር ዳርቻ ከሰዓት በኋላ ሌላ ነው። ባሕር በጨረቃና በፀሐይ ስበት ይሞላል፣ ይጎድላል፤ በብዙ ቦታዎች አንዱ ሙላት ወይም ጉድለት ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ባሕርተኞች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ። የሙላቱን ከፍታ ለ12 ይከፍሉና በመጀመሪያው ሰዓት አንድ እጅ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት፣ በአምስተኛው ሁለት፣ በስድስተኛው አንድ እጅ ይደለድላሉ። የሙላቱ ልዩነት 2 ሜትር ከ40 ከሆነ በመጀመሪያው ሰዓት 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይጨምራል፤ በሁለቱ የመካከል ሰዓታት ግን በእያንዳንዳቸው 60 ሴንቲ ሜትር። ውኃው በኃይል የሚሮጠው ያን ጊዜ ነው፤ በተለይም በጠባብ በር ሲያልፍ። በጅቡቲ የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ጉቤት ከሚባለው ውስጠኛ ባሕር የሚያገናኘው ጠባብ መተላለፊያ በኃይለኛ ጅረቱ የሚታወቀው ስለዚህ ነው። የዕለቱን የሙላትና የጉድለት ሰንጠረዥ ሳያይ የሚነሣ ተወዳዳሪ ግማሽ ውድድሩን ለዕድል ሰጥቷል።

ማዕበልም እንዲሁ የሚመጣው ከሩቅ ነው። ይህን ለድሬ ሰው ማስረዳት አይከብድም፤ ከተማችንን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ መስሎ ተኝቶ ሳለ ከላይ በተራራው ላይ የጣለው ዝናብ በሌሊት ከተማ መሐል እንደሚደርስ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በብዙ ሕይወት ዋጋ አይተነዋል። ባሕር ላይም ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ጸጥ ብሎ ሳለ ከብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮች ማዶ የነፈሰ ነፋስ ያስነሣው ረጅም ሞገድ ሊደርስ ይችላል።

ከየብስ ወደ ባሕር በሚነፍስ ነፋስ መታለል

ነፋሱ ከኋላ ከየብስ ሲመጣ ዳርቻው አጠገብ ያለው ውኃ ለጥ ብሎ ይታያል፤ ጀልባዋም ትፈጥናለች። ጀማሪው ጎበዝ እንደሆነ ይሰማዋል። ሞገዱ የሚጀምረው ራቅ ሲሉ ነው፤ ለመመለስ ሲዞሩ ነፋሱ ፊት ለፊት ይገጥማል፤ የደከመ ወይም የተገለበጠ ሰውም ወደ ክፍት ባሕር ይወሰዳል። በጅቡቲ በበጋቸው፣ ማለትም በእኛ ክረምት፣ ከምድረ በዳው የሚነሣው ኻምሲን የተባለው ትኩስ ነፋስ እንዲህ ዓይነቱ ነው። የመጀመሪያ ልምምድን በእነዚያ ወራት ማቀድ አልመክርም፤ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ይሻላል።

መገልበጥን ሳይለማመዱ መወዳደር

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ብዙ የእኛ ስፖርተኞች ዋናን በልጅነታቸው አልተማሩም፤ የሕይወት አድን ጃኬት መልበስም ዋናን ይተካል ብለው ያምናሉ። አይተካም። ጃኬቱ ያንሳፍፋል እንጂ ወደ ጀልባ አይመልስም። በኒው ዚላንድ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው 243 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የዳር እስከ ዳር ውድድር፣ ምንም እንኳ ቀዘፋው በወንዝ ላይ ቢሆንም፣ ተወዳዳሪው የካያክ ችሎታ ማረጋገጫ ሳይዝ እንዲሳተፍ አይፈቅድም። እኛም ለራሳችን ተመሳሳይ ሕግ ማውጣት አለብን።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ዋና። ቀጥሎ በሆቴል መዋኛ ገንዳ ውስጥ ጀልባዋን ሆን ብሎ መገልበጥ፣ ወገብን የሚከበውን ሽፋን ከፊት ባለው ማንጠልጠያ ስቦ መክፈት፣ ያለ ድንጋጤ መውጣት። ከወጡ በኋላ ጀልባዋንና መቅዘፊያውን አለመልቀቅ፤ ነፋስ ባዶ ጀልባን ከዋናተኛ ፍጥነት በላይ ይወስዳታል። ከዚያ ጀልባዋን አቃንቶ፣ በመቅዘፊያው ጫፍ ላይ የአየር ከረጢት አስሮ እንደ ድጋፍ በመጠቀም ከኋላ በኩል በሆድ ተኝቶ መውጣት፣ መቀመጥና ውኃውን በፓምፕ ማውጣት። ገንዳ ውስጥ የተሳካው ሁሉ ማዕበል ላይ ይሳካል ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ከባልደረባ ጋር በሞገድ መሐል መደገም አለበት።

በድሬዳዋ ዙሪያ ሰፊ ውኃ አለመኖሩ እውነት ነው። ደርቆ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ዳግም ውኃ ቢይዝም መጠኑ ስለሚለዋወጥ ዕቅድ ሊመሠረትበት አይገባም። ባቦጋያ፣ ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ድረስ ለሳምንት መሄድ ወጪ አለው፤ ግን ያዋጣል። ከሰዓት በኋላ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ የሚነሣው ነፋስ ጥሩ አስተማሪ ነው። በሐዋሳ ከጉማሬዎች መራቅ፣ ቄጠማ በበዛበት ዳርቻ ደግሞ በብልሃርዝያ ምክንያት በባዶ እግር ቆሞ አለመቆየት ያስፈልጋል።

በክንድ ብቻ መቅዘፍ

ክንድ ትንሽ ጡንቻ ነው፤ በግማሽ ሰዓት ይዝላል። መቅዘፊያው ከእግር ጣቶች አጠገብ ገብቶ ዳሌ ጋ ሲደርስ ይውጣ፤ የሚዞረው ወገብና ደረት ነው፣ የሚገፋው ደግሞ በመቅዘፊያው በኩል ያለው እግር ነው። የሯጭ እግር ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። መቅዘፊያውን አጥብቆ መጨበጥ የእጅ አንጓን ጅማት ስለሚያቆስል ጣቶች ላላ ይበሉ።

ከችሎታ በላይ ፈጣን ጀልባ መምረጥ

የመወዳደሪያ ሰርፍ ስኪ (ከላይ የሚቀመጡባት ረጅምና ጠባብ የባሕር ጀልባ) ስፋቱ ከ43 እስከ 48 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የተለመደው የባሕር ካያክ ግን 55 ገደማ ይሆናል። ጠባቧ ትፈጥናለች፣ ቀዛፊዋ ግን ሚዛን ለመጠበቅ ጉልበቱን ከጨረሰ ፍጥነቷ አይጠቅመውም። አንድ ጊዜ መገልበጥ የሰዓቱን ትርፍ ሁሉ ይበላል።

«ሙቀት ለእኛ ብርቅ አይደለም» ማለት

የድሬዳዋ ሙቀት በአብዛኛው ደረቅ ነው፤ ላብ ወዲያው ይተንና ሰውነትን ያቀዘቅዛል። በባሕር ዳር አየሩ እርጥብ ስለሆነ ላቡ ሳይተን ይንጠባጠባል፤ ጃኬቱም ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል። ሰውነት ለአዲስ ሙቀት በሚገባ ለመላመድ ከ10 እስከ 14 ቀናት ይፈልጋል። በዋዜማው መድረስ አይበቃም።

ሌላው ፈሳሽ ነው። ድርቀትን የፈራ ሰው ሳይጠማው ውኃ ይጋታል፤ በደም ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥንና ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሲብስም መንቀጥቀጥ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች 13 ከመቶ የሚሆኑት የጨው መጠናቸው ከጤናማው በታች ሆኖ ተገኝቷል፤ በሩጫው ላይ ክብደት የጨመሩት ደግሞ ይበልጥ ተጎድተዋል። ጥማትን መከተል፣ ከልምምድ በፊትና በኋላ መመዘን ይጠቅማል። ከመነሻው ከብዶ የጨረሰ ሰው አብዝቶ ጠጥቷል። ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በውኃ ተበጥብጦ የላብን ጨው ለመተካት ያግዛል፤ እሱንም ቢሆን ከጥማት በላይ መጠጣት አይገባም።

ስለ ጫትም በግልጽ መናገር አለብኝ። በእኛ አካባቢ በርጫ የመስተንግዶ ወግ ነው፤ ወጉን አከብራለሁ። ነገር ግን ጫት የልብ ምትን፣ የደም ግፊትንና የሰውነት ሙቀትን ከፍ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሣል። እነዚህ ሁሉ በሞቃት ባሕር ላይ ለሰዓታት ከሚቀዝፍ ሰው ጋር የሚጻረሩ ናቸው። ከውድድር በፊት ባለው ሳምንት ጋባዥን በትሕትና «ይቅርብኝ» ማለት ይገባል።

ከጀልባ ወርዶ ወዲያው መፈትለክ

ለሰዓታት የታጠፈ እግር ደም በሚገባ አይዞርበትም፤ ብድግ ሲሉ ይከዳል። ከመድረስ በፊት ባሉት ደቂቃዎች እግርን በጀልባዋ ውስጥ ማንቀሳቀስ፣ ከወረዱ በኋላ ጥቂት ተራምዶ መሮጥ ይሻላል። እግርን በንጹሕ ውኃ አጥቦና አሸዋውን አራግፎ ካልሲ ማድረግ የሚወስደው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ያልታጠበ እግር በሩጫው ላይ ይላጣል። ጀልባዋንም ከውኃው መስመር አርቆ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ሙላቱ ሲመጣ ይዟት ይሄዳል።

በቡድን ጀልባ ሁለት ሆኖ እንደ ብቸኛ መቅዘፍ

ባለ ሁለት መቀመጫ ካያክ ላይ ከፊት ያለው የቀዘፋውን ምት ይወስናል፣ ከኋላ ያለው ተከትሎ እየቀዘፈ መሪውን ይይዛል። ፊት የሚቀመጠው ምቱ የማይዋዥቅ ሰው ይሁን እንጂ የግድ ብርቱው አይሁን። ብርቱው ከፊት ሆኖ ከፈጠነ ከኋላ ያለው መከተል ያቅተዋል፤ መቅዘፊያዎቹም ይጋጫሉ። ቡድኑ አብሮ እንዲጨርስ በሚጠይቅ ውድድር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስነው ደካማው ስለሆነ፣ የእሱን ዕቃ ብርቱው ቢሸከምለትና ቶሎ ቶሎ እንዲበላ ቢያስታውሰው ሁለቱም ቀድመው ይደርሳሉ።