ከዊንዶውስ ጎን ኡቡንቱን ከመጫንዎ በፊት

በላፕቶፕዎ ላይ ዊንዶውስን ሳያጠፉ ኡቡንቱ የተባለውን ነጻ ስርዓተ ክወና ለመጨመር ካሰቡ፣ ሰነድዎን ወደ ሌላ ዲስክ ከገለበጡ በኋላ ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ ቢትሎከር መሥራት አለመሥራቱን ይመልከቱ፤ በርቶ ከሆነ የማስነሻው ቅደም ተከተል ሲለወጥ ዊንዶውስ ባለ 48 አሃዙን የመክፈቻ ቁልፍ ሊጠይቅዎ ስለሚችል፣ ቁልፉን አስቀድመው በወረቀት ይጻፉት። እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ ይህን ችላ ብዬ ጀምሬ፣ ቁልፉን የሚጠይቀው ሰማያዊ ገጽ ፊቴ ተደቅኖ፣ ቁልፉ የተቀመጠበትን የማይክሮሶፍት አካውንቴን የረሳሁትን የይለፍ ቃል ስፈልግ ግማሽ ቀን ፈጅቻለሁ።

ቦታ ለማስለቀቅ ከኡቡንቱ ጫኝ ይልቅ የዲስክ ክፍሎችን የሚያስተካክለውን የዊንዶውስ ዲስክ ማኔጅመንት እመርጣለሁ፦ ሲ የተባለውን ክፍል በቀኝ ጠቅ አድርገው «ሽሪንክ ቮልዩም» (ክፍሉን አሳንስ) የሚለውን ይምረጡና ቢያንስ 25 ጊጋባይት፣ ከተቻለ 50 ጊጋባይት ባዶ ይተዉ። በዚህ መሃል ኮምፒውተሩ ድንገት ቢጠፋ ፋይል ሊበላሽ ስለሚችል፣ በተለይ በክረምቱ ነጎድጓድ መብራት ሄድ መጣ በሚልበት በእኛ በጎጃም፣ ባትሪውን ሳይሞሉ አይጀምሩ፤ ባትሪው የደከመበት ሰው ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ቢዋስ ይሻለዋል።

ዊንዶውስን ቶሎ እንዲነሳ የሚያደርገውን ፋስት ስታርትአፕንም ያጥፉ፤ አለበለዚያ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ፣ በኡቡንቱ በኩል ሆነው በዊንዶውስ ክፍል ላይ ፋይል ለማስቀመጥ ሲሞክሩ እንቢ ሊልዎ ይችላል።